ውሃ የማያነሳ

ደሴ፥ ቧንቧ ውሃ፥ ጉም ከጦሳ ወርዶ
መንገዱን ሲያስተኛው በነጭ ጨርቅ ጋርዶ፥
እኔ ከሱቄ ነኝ፥ ከቆርቆሮው ሳጥን፥
በመርፌ ስጠርግ የስልክ ጆሮ ጉድፉን።

ስንት ነገር ወጣ ከዚያች ጠባብ ጉድጓድ!
የኪስ ክር፥ የቆሎ ገለባ፥ አቧራ ከባቲ መንገድ።
«ደነቆረብኝ» ይላል ሰዉ ሲመጣ፤
እፍ እልበታለሁ፥ ድምፁ ተመልሶ ይመጣ።
አምስት ብር፥ አስር ብር፥ አንዳንዴም ምርቃት፤
ኑሮዬን ለካሁት በሦስት ሚሊ ተኩል ስፋት።

ማክሰኞ ጠዋት ላይ ጋሽ ሙሄ ከች አሉ፥
ከኮታቸው ጉያ ካርቶን ያወጣሉ።
«ሰዓዳ ላከችው፥ በሰው እጅ፥ ከሪያድ፤
ወለል አጥባበት ነው፥ የሰው ቤት፥ የባዕድ።»

ስልኩ መስታወት ነው ከፊትም ከኋላ፤
ጉሙ ይታይበታል፥ ቆርቆሮዬም፥ የኔም ጥላ።
ከደረት ኪሳቸው አሮጌ ሽቦ ወጣ፥
በፕላስተር የታሰረ፥ ነጭነቱን ያጣ።
ስልኩን አገላብጠው በአውራ ጣት ዳሰሱት፥
ከላይ፥ ከታች፥ ከጎን፥ ፊደል ይመስል አነበቡት።

«ቀዳዳው የታለ?»

«የለውም።»

«ደፈኑት?»

«ጥንቱንም አልበሱት።»

«ውሃ እንዳይገባው ነው» ይላሉ ሠሪዎቹ፤
«እንዲቀጥንም ነው» ይላሉ ሻጮቹ።
ስልኩስ እሺ ይሁን፥ ውሃ አያስገባም፤
ምክንያታቸው ግን ውሃ አያነሳም።
ቀጥለው የሸጡልን ባቄላ የሚያህል ጆሮ ነው፥
በሳጥን የሚያድር፥ ቻርጅ የሚጠባ፥
ሐረጎ ጥምዝ ላይ ከሰው ጆሮ ወልቆ ገደል የሚገባ።

«አዳፕተር አለ» አልኳቸው፥ «አጭር ጅራት መሳይ፤
ቻርጅ ላይ ሲሆን ግን አይሰሙበትም።»

«ሬዲዮስ?»

ዝም አልኩ።
ሽቦው አንቴና ነው፤ ያለሱ ኤፍ ኤሙ
እሽሽታ ብቻ ነው፥ ቢያዞሩት ቢያጣምሙ።

ያን ጊዜ፥ መብራት ሄዶ ኔትወርክ የጠፋ ለታ፥
ከተማው በሩን ዘግቶ ትንፋሹን የዋጠ ማታ፥
ጋሽ ሙሄና ዘምዘም መሬት ላይ ተኝተው
አንዷን ሽቦ ለሁለት፥ እንደ ዳቦ ቆርሰው፥
ቀኙ ለሳቸው፥
ግራው ለሷ፥
የትኛው መንገድ ተከፈተ፥ ማን የት ደረሰ፥
ከሩቅ የመጣ ድምፅ በቀጭን ክር ፈሰሰ።

«ስትገላበጥ» አሉኝ፥ «እኔም እገላበጣለሁ፥
ሽቦው እንዳይነቀል። እንቅልፍ ሲወስዳትም
የሷን ድርሻ ጭምር እሰማላታለሁ።»

ዘምዘም ባለፈው ጥቅምት ሄደች።
ሽቦው ቀረ።
ዛሬም ቀኙን ብቻ ነው የሚያደርጉ፤
ግራው ከደረታቸው ተንጠልጥሎ
ለኮት ቁልፍ ዜና ሲነግር ይውላል።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
እኔ እንጃ። የሳቸው ግን ዘመድ ነበረው፥
አንድ ክንድ በማይሞላ ሽቦ የተጋመደ።

«በል ብሳው።»

«ቢበሳም አይሰማም፥ ጋሽ ሙሄ፤
ከውስጡ የሚጠብቅ ነገር የለም።»

«መርፌ የለህም እንዴ?»

መርፌዬን አየኋት። እሷም ዝም አለች።

ካርቶኑን ከደኑት፥ ቀስ ብለው፥ የተኛ እንዳይነቃ ያህል።
ከሱሪያቸው ኪስ አሮጌው ወጣ፥
መስታወቱ የተሰነጠቀ፥ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ።
ጆሮውን ጠረግኩለት። ሽቦውን ሰካሁ።
ገና ጣቢያ ሳይዙ ጠራ።

ሰዓዳ ናት።

«ደረሰልህ አባዬ? ጥሩ ነው? ይሰማል?»

«ይሰማል፥ ልጄ» አሉ፥
የተከደነውን ካርቶን በመዳፋቸው እየዳበሱ፥
«ጥርት አድርጎ ይሰማል።»

ከጠረጴዛው ማዶ እኔም ሰማኋት፤
ከግራው፥
ከተንጠለጠለው፥
በእናቷ በኩል ስታወራ።